የቅዳሜ ሠዓሊዎች

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ፎቅ ቤት ላይኛው ክፍል ስድስት ሰዎች በግማሽ ክብ ተቀምጠው ይሥላሉ። መሀል ላይ አንድ በርጩማ አለ። በርጩማው ነጭ ነጠላ ለብሷል፤ ነጠላው ላይ ጥቁር ጀበና በማቶቱ ተቀምጧል። የቀኙ መስኮት መጋረጃ ስለተዘጋ ብርሃን የሚገባው በግራ በኩል ብቻ ነው። ከተቀመጡት መካከል ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ፤ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ጥቂት ብቻ አረፍ ብላ የመጣች ነርስ አለች። አንዳቸውም በሥዕል እንጀራ አይበሉም፤ ሊበሉበትም አላሰቡም። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ግን ይህን ከሰዓት ነው።

አስተማሪያቸው ወጣት ሠዓሊ ነው። ከጡረተኛው መምህር ጀርባ ቆሞ ሸራቸውን ለአፍታ ካየ በኋላ ጎንበስ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ይህን ጥቁር ከየት አገኙት?» አላቸው።

«ከቱቦው ነዋ፣ ልጄ።»

«ጀበናው ላይስ? ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጥቁር ነው የሚታይዎት?»

መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ጀበናውን ትኩር ብለው ተመለከቱ። ሌሎቹም ብሩሻቸውን አቁመው አብረው አዩ። «ሆዱ ከታች በኩል ፈካ ይላል» አሉ በመጨረሻ። «ከነጠላው የመጣ ብርሃን ነው መሰለኝ።»

«እሱን ይሣሉልኝ።»

ጋሼ ያዩት ልክ ነው። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ነጠላው ላይ ያርፋል፤ ነጭ ጨርቅ ደግሞ የተቀበለውን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጫል። ከተረጨው ጥቂቱ ወደ ላይ ወጥቶ የጀበናውን ሆድ ከሥር ይነካዋል። ስለዚህ የጀበናው እጅግ ጥቁሩ ቦታ ጠርዙ አይደለም። ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኘው፣ ከመስኮቱም ከነጠላውም ብርሃን የማይደርሰው ቀጭን መቀነት ነው። ትከሻው ላይ የምታብለጨልጨው ነጥብ ደግሞ የጀበናው ቀለም የለባትም፤ ያቺ ነጥብ መስኮቱ ራሱ ናት። ቀረብ ብሎ ላያት የመስኮቱ ፍሬም ሳይቀር ተጣሞ ይታይባታል፤ ሰማዩ የጠራ ቀን ከሆነም ወደ ሰማያዊ ታደላለች። የእጀታው ጥላ የሆዱን ክብ ተከትሎ ይታጠፋል። የአፉ ክብ ከላይ ሲያዩት ሰፊ፣ በዐይን ትክክል ሲሆን ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። ለብዙ ወራት የሚበቃ ትምህርት በአንድ የሸክላ ዕቃ ላይ ተሰብስቧል።

ለትርፍ ጊዜው የሚሥል ሰው ችሎታውን በምን ያሻሽላል ብሎ ለሚጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ከዚህ ክፍል የሚርቅ አይደለም። የብዙዎች እድገት የሚቆመው በእጃቸው ምክንያት አይደለም። ፊርማውን በአንድ ትንፋሽ አሳምሮ የሚፈርም ሰው ለሥዕል የሚበቃ የእጅ ቁጥጥር አለው። የሚቸኩለው ዐይን ነው። አንድን ነገር አይተን «ጀበና ነው» ካልን በኋላ ማየታችንን እንተዋለን፤ የቀረውን አእምሯችን ከሚያውቀው ይሞላዋል። ጀበና ጥቁር ነው፤ ነጠላ ነጭ ነው፤ ሰማይ ሰማያዊ፣ ቅጠል አረንጓዴ ነው። መንገድ ለማቋረጥም ቡና ለመቅዳትም ከዚህ በላይ ማየት አያስፈልግም። ለሥዕል ግን ያስፈልጋል። የነጩ ነጠላ ጥላ ያረፈበት እጥፋት ከጥቁሩ ጀበና አብለጭላጭ ነጥብ በጣም እንደሚጠቁር ብትነግሩት የሚያምን ጀማሪ ጥቂት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነጻጽር ግን በዐይኑ ያረጋግጠዋል።

ይህን የችኮላ ልማድ ለመስበር አንድ የቆየ ልምምድ አለ። ቤቲ ኤድዋርድስ የተባለች አሜሪካዊት የሥዕል መምህርት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ ተማሪዎቿን ፒካሶ የሣለውን የሙዚቃ ደራሲውን የስትራቪንስኪን ምስል ገልብጠው እንዲቀዱት ታዛለች። የተገለበጠ ፊት ፊት መሆኑ ቶሎ አይታወቅም፤ አፍንጫው «አፍንጫ» መባሉ ቀርቶ መስመርና ማዕዘን ብቻ ይሆናል፤ እጅም የታየውን መስመር ይከተላል። መምህርቷ ለውጤቱ የሰጠችው ማብራሪያ፣ ማለትም ሥዕል የቀኝ አንጎል ሥራ ነው የሚለው፣ በኋላ በአንጎል ተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ ተተችቷል። ልምምዱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ከቤታችሁ አንድ ፎቶግራፍ አንሡና ገልብጣችሁ ሞክሩት።

ይህን ስል በእውቀት መሣል ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታላቅነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ በረድፍ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ከአንድ መስኮት በገባ ብርሃን የተሣሉ አይደሉም፤ ጥላ አይጥሉም፤ ሰዓትም የላቸውም። ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን በኩል አንድ ዐይን ብቻ ይዘው ይቆማሉ። ሠዓሊው የሚሥለው የሚያውቀውንና የሚያምነውን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረውና ሥራው ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው ፍሬ ጽዮን የማርያምን ካባ ጠርዝ ሲያወርድ መስመሩ አያመነታም። ያ መስመር የተገኘው በእውቀትና በብዙ ድግግሞሽ ነው።

ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ የትርፍ ጊዜ ሠዓሊ ሁለት ውርስ አለው። አንዱ ከመስመር ተነሥቶ በሚታወቀው የሚሄድ፣ ሌላው ከብርሃን ተነሥቶ በሚታየው የሚሄድ ነው። ሁለቱም ይጠቅሙታል። የሚጎዳው ሳያውቅ ሲያደባልቃቸው ነው፤ ፊቱን በጥላ እየሣለ ዐይኑን ግን ከልማድ በወሰደው ቅርጽ ሲሥለው። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ላይ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» የሚያሰኘው ይኸው ነው። ሸራ ፊት ስትቀመጡ ዛሬ የትኛውን እየሠራችሁ እንደሆነ ወስኑ።

የጥንቶቹ ሠዓሊዎቻችን የሚያስተምሩን ሌላም ነገር አለ፤ መቅዳት አያሳፍርም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሙያውን የሚለምደው የመምህሩን ሥራ ደጋግሞ በመቅዳት ነው፤ ዳዊት የሚደግም ተማሪ ቃሉን እስኪዋሐደው እንደሚያነበንበው ሁሉ። ዛሬ ግን የትርፍ ጊዜ ሠዓሊዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የራሴ ስታይል» ሲሉ እሰማለሁ። ቪንሰንት ቫን ጎህ ሠዓሊ ልሁን ብሎ የቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በሥዕል መሸጫ ቤት ሠርቷል፤ አስተምሯል፤ በማዕድን ቆፋሪዎች መካከል ሰብኳል። ያን ጊዜ ያደረገው የሻርል ባርግን የንድፍ ማስተማሪያ ሰሌዳዎች አስልኮ አንድ በአንድ፣ ከዚያም ደግሞ ከመጀመሪያው መቅዳት ነው። የገበሬዎችን ሠዓሊ የሚሌን ሥራዎችም ይቀዳ ነበር። ዛሬ ማንም ከሩቅ የሚለየው የእሱ አሣሣል የበቀለው ከዚያ የቅጂ ክምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 «ድንች በሊታዎች» የተባለውን ሥዕሉን ከመጀመሩ በፊት በነበረው የአውሮፓ ክረምት ደግሞ አርባ የሚሆኑ የገበሬ ራሶች ሣለ። አንድ ሥዕል ለመሥራት አርባ ራስ!

ለመቅዳት ታዲያ የስልክ ስክሪን አይበቃም። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ላይኛው ክፍል ያሉት የቆዩ ሥዕለ አድኅኖዎች፣ እዚያው አካባቢ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው በታክሲ የሚደረስባቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከሁሉም ሥዕል ፊት ማለፍ አያስፈልግም፤ አንድ መርጦ ግማሽ ሰዓት መቆም ይሻላል። ቀለሙ የት ጋ ወፍሯል? የት ጋ የታችኛው ንብርብር ይታያል? ጠርዙ የት ላይ ስል ሆኖ የት ላይ ይጠፋል? ጥበቃውን ጠይቃችሁ ከተፈቀደላችሁ በእርሳስ ንድፉን ቅዱ። ስለ ገብረ ክርስቶስ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሐረር ተወልዶ ጀርመን ኮሎኝ የተማረው ይህ ሠዓሊና ገጣሚ በረቂቅ ሥዕል ስሙ ስለገነነ፣ ንድፍ ያስቸገራቸው ጀማሪዎች ወደ ረቂቅ ሥዕል የሚሸሹት በእሱ ስም ነው። እሱ ግን ወደ ረቂቁ የሄደው ንድፍ አቅቶት አይደለም፤ በትምህርት ካለፈበት በኋላ መርጦት ነው።

ወደ ጀበናው ልመለስ። አስተማሪው በዚያ ክፍል ቀለም ከማስነካቱ በፊት ተማሪዎቹን ለብዙ ሳምንታት በከሰል ብቻ አሠርቷቸዋል። ነርሷ መጀመሪያ ላይ ሰልችቷት እንደነበር ነገረችኝ። «ቀለም ልነካ ነው እኮ የመጣሁት» አለች። አሁን ግን ከሁሉ የጠቀማት እሱ እንደሆነ ትመሰክራለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥዕል ከሩቅ የሚይዘን በቀለሙ ሳይሆን በብርሃንና ጥላው አደራደር ነው። የጨለማና የብርሃን ደረጃው ልክ ከሆነ ፊቱን አረንጓዴ ብትቀቡት እንኳ ፊት ሆኖ ይታያል፤ ደረጃው ከተሳሳተ ግን የቆዳው ቀለም የቱንም ያህል ቢመሳሰል ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ልምምዱ ከባድ አይደለም። ዐይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ በሽፋሽፍቶቻችሁ መካከል ተመልከቱ። ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቅ የብርሃንና የጨለማ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ። እነሱን በሦስት ደረጃ ብቻ ሣሏቸው፤ ብሩህ፣ መካከለኛ፣ ጨለማ። የመዳፍ ያህል በሆነ ወረቀት ላይ፣ በአሥር ደቂቃ። ላጲስ አትጠቀሙ። የቀለም ሥራ ስትጨርሱ ደግሞ በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሡት፤ ያኔ በቀለም የተለያዩ መስለዋችሁ የነበሩት ሁለት ቦታዎች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ብታገኟቸው አትገረሙ። ስልክ ለሥዕል ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሠዓሊ ሥራውን በመስተዋት እንዲያይ ይመክር ነበር፤ የተገለበጠ ምስል የሌላ ሰው ሥራ ስለሚመስል ስሕተቱ ቶሎ ይታያል። መስተዋት እያንዳንዱ ቤት አለ።

ስልክ የሚጎዳን ደግሞ ከፎቶ ስንሥል ነው። ካሜራ እንደ ዐይናችን ብርሃንና ጨለማን አንድ ላይ አቻችሎ አይይዝም። ሰማዩን ሲያድን ጥላውን ያጠቁረዋል፤ ጥላውን ሲያድን ሰማዩን ያነጣዋል። ከቅርብ የተነሣ ፊት ላይ አፍንጫው ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፎቶውን እንዳለ የሚቀዳ ሰው የሚቀዳው የካሜራውን ስሕተት ጭምር ነው። በየመንገዱ ለቱሪስት የሚሸጡት የላሊበላ፣ የቡና ማፍላትና የእንስራ ተሸካሚ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከአንድ ፎቶ የተቀዱ የሚመስሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚሸጥ ሠዓሊ የሚሸጠውን ቢሥል እንጀራው ነው፤ አልፈርድበትም። የትርፍ ጊዜ ሠዓሊ ግን ገዢ የለበትም። ሊሸጥ የማይችለውን የራሱን በር፣ የእናቱን እጅ፣ የሰፈሩን የቆርቆሮ አጥር መሣል ይችላል። ይህ ነፃነት ሙያተኞች የሚመኙት ነው። ለማንም የማይሸጥ ሥዕል እየሣሉ በገበያው ዓይን መሣል ያሳዝነኛል።

ስለ ቀለም አንድ የሚገርም ታሪክ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በተባለው የመንግሥት ምንጣፍና የግድግዳ ጨርቅ መሥሪያ ቤት ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል የተባለ ኬሚስት የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሸማኔዎቹ አቤቱታ አቀረቡለት፤ ለሰማያዊና ለወይን ጠጅ ልብሶች ጥላ የሚሆነው ጥቁር ክር ጥንካሬ የለውም፣ ደብዝዟል አሉት። ሼቭረል ክሩን ከሌሎች አገሮች ጥቁር ክር ጋር አነጻጸረው። ክሩ እንከን የለበትም። ችግሩ ጎረቤቱ ነበር። ከሰማያዊ አጠገብ የተቀመጠ ጥቁር በዐይናችን ላይ የሰማያዊን ተቃራኒ ቀለም ይደርብና የደከመ ይመስላል። ኬሚስቱ ከዚህ ተነሥቶ ለዓመታት መረመረና እ.ኤ.አ. በ1839 ስለ ቀለሞች ንጽጽር ሕግ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ከእሱ በኋላ የመጡት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች ያንን ሕግ በልባቸው ይዘው ሣሉ።

ትርጉሙ ለቅዳሜ ሠዓሊ ትልቅ ነው። ፓሌት ላይ ብቻውን ያማረ ቀለም ሸራ ላይ ሊሞት ይችላል፤ ፓሌት ላይ ጭቃ የመሰለ ግራጫ ደግሞ ከብርቱካናማ አጠገብ ሲቀመጥ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ የማይስማማ ቀለም ሲገጥማችሁ ያንኑ ቀለም አሥር ጊዜ ከመደባለቅ በፊት ጎረቤቱን ለውጡ። የነጠላውን ጥላ ተመልከቱ። አምፖሉ ቢጫ ብርሃን ከሰጠ ጥላው ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ያደላል። ጥላውን በጥቁርና ነጭ ብቻ ደባልቆ የሣለ ሰው ነጠላውን ያቆሽሸዋል። ቫን ጎህ ለዚህ ሥራ የሱፍ ክር ይጠቀም ነበር። የተለያየ ቀለም ያላቸውን ክሮች አንድ ላይ እየጠቀለለ በትናንሽ ልቃቂት አስቀምጦ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ወይም እንደሚጋጭ ሳይሥል ያይባቸው ነበር። ልቃቂቶቹ ከነሣጥናቸው እስከ ዛሬ አሉ። ክር በየሰፈሩ ሱቅ ይሸጣል፤ ከውድ ቀለም ይልቅ እዚያ ላይ መሳሳት ይቀላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ምክር፤ ቀለማችሁን ቀንሱ። የስዊድኑ ሠዓሊ አንደርስ ዞርን የሰውን ገላና ውሃን ከማንም በላይ አሳምሮ የሣለው በዋናነት በአራት ቀለሞች ነው ይባላል፤ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ደማቅ ቀይና ጥቁር። ዛሬም ድረስ ያ አሰላለፍ በስሙ ይጠራል። አራት ቀለም የያዘ ሰው መደባለቅን ይማራል፤ ሃያ አራት ቱቦ የያዘ ሰው ቱቦ መክፈትን ብቻ። ጋሼ በዚያን ዕለት የቱቦውን ጥቁር ትተው ጥልቅ ሰማያዊና ቡኒ ሲደባልቁ አየኋቸው። ድብልቁ ከጥቁሩ የማይተናነስ ጨለማ ሆነ፤ ልዩነቱ ግን ሰማያዊውን ሲጨምሩ ወደ መስኮቱ፣ ቡኒውን ሲጨምሩ ወደ ሸክላው ማዘንበሉ ነው። «ይሄስ ሕይወት አለው» አሉ ለራሳቸው።

ስለ ብርሃን የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ የመጡት ከሌላ ሰማይ ሥር ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት ለሥዕል ክፍል ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ምረጡ ይላሉ። ለነሱ ልክ ነው፤ ከምድር ወገብ በጣም ወደ ሰሜን ስለሚርቁ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው፤ በሰሜኑ መስኮት የሚገባው በአብዛኛው ብዙም የማይለዋወጥ የሰማይ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ በእኛ በስተሰሜን በኩል ትሆናለች። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ የካቲት የሰሜኑ መስኮት የተረጋጋ ብርሃን ይሰጣችኋል፤ በግንቦትና በሰኔ ግን ደመና ከሌለ የደቡቡ መስኮት ይሻላል። የክረምቱ ደመና ብርሃኑን ስለሚበትነው ጥላ ይለሰልሳል፤ ለፊት ሥዕል ደግ ነው፣ የጀበናን ክብነት ለማጥናት ግን ይደክማል። ደጅ ለሚሥል ሰው ምርጡ ጊዜ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ጥላው ረዝሞ የነገሮችን ቅርጽ ያወጣል። ቀትር ላይ ጥላ ከእግር ሥር ይገባል። ምሽታችንም አጭር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ፈጥኖ ስለሚሄድ በዚያ ሰዓት የሚሣል ሥዕል ትንሽ መሆን አለበት። ከሥራ መልስ ማታ ብቻ የምትሥሉ ከሆነ አንድ ነጭ የቀን ብርሃን የሚመስል አምፖል ግዙ፤ በቢጫ አምፖል የተደባለቀ ቀለም ጠዋት ሲያዩት ሌላ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልናገርም። አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ወጥሮ ነጭ የመሠረት ቀለም ሁለት ጊዜ የቀባ ሰው ለልምምድ የሚበቃ ሸራ አለው። አክሪሊክ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ስለሆነ በበጋው ደረቅ አየር ፓሌት ላይ ሳለ ይጠነክራል፤ ውሃ በመርጫ እያርከፈከፉ መሥራት ነው። ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁርም አስቡበት። የዘይት ቀለም የሚያያይዘው የተልባ ዘይት ነው፤ እሱ አይተንም፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። በዚህ ምክንያት ዘይት የበዛበትን ንብርብር ዘይት ካነሰው በላይ እንጂ በታች አታድርጉ፤ አለዚያ ላይኛው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ደግሞ አደራ፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር የተከመረ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት።

ለጊዜ እጦት መልስ አለኝ። የቀን 20 ደቂቃ ከወር አንዴ ሙሉ ቀን ይሻላል፤ እጅ ሳይቀዘቅዝ ዐይንም ትናንት ያየውን ሳይረሳ ይቆያል። ለፍርሃት የሚሆን መልስ ግን ከእንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ከዊንስተን ቸርችል ሕይወት ነው የማገኘው። እ.ኤ.አ. በ1915 በዳርዳኔልስ ዘመቻ መክሸፍ ምክንያት ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ ተነሥቶ፣ በ40 ዓመቱ ገጠር ቤት ውስጥ ተክዞ ተቀምጦ ሳለ ነበር ብሩሽ ያነሣው። ራሱ እንደተረከው፣ ነጩ ሸራ አስፈርቶት ባቄላ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ አድርጎ ቆመ። ያን ጊዜ የሠዓሊው የጆን ላቨሪ ባለቤት፣ እሷም ሠዓሊ የነበረችው ሄዘል፣ በመኪና መጣች። ትልቁን ብሩሽ ተቀብላ፣ ቀለም ውስጥ ነክራ፣ ሸራውን በሰፋፊ ሰማያዊ ምት መታችው። ሸራው አልተናደደም። ከዚያ ቀን በኋላ ሸራ ፈርቶ አያውቅም፤ በዕድሜው ከ500 በላይ ሥዕሎች ሠራ፤ የሠዓሊውን የሳርጀንትን ሥራ ቀድቷል፣ ከሙያተኛ ሠዓሊዎች እግር ሥር ተቀምጦ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1947 ዴቪድ ዊንተር በሚል የሐሰት ስም ለለንደን ሮያል አካዳሚ ያቀረባቸው ሁለት ሥዕሎች ማንነቱ ሳይታወቅ ተቀባይነት አገኙ። የሐሰት ስም ያስፈለገው እውነተኛ ፍርድ ስለፈለገ ነው።

እኛ ጋ የሚጎድለውም ይኸው እውነተኛ ፍርድ ነው። ዘመድና ጎረቤት ሥዕል ሲያይ «በጣም ያምራል፣ እጅሽን ይባርከው» ይላል። ፍቅር ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ግን አያስተምርም። የባንክ ሠራተኛው ሲነግረኝ፣ ቤቱ ሳሎን የተሰቀሉትን ሥዕሎቹን ሁሉም ሰው እንደወደዳቸው ያምን ነበር፤ እዚህ ክፍል የመጀመሪያ ቀን ነርሷ «ወንድሜ፣ ጀበናህ ነጠላው ላይ አልተቀመጠም፣ አየር ላይ ነው» ስትለው ግን ከሁሉም ምስጋና ይልቅ ያ ቃል ጠቀመው። ከጀበናው ሥር ያለችውን ቀጭን ጥቁር የመገናኛ ጥላ ረስቷት ነበር። ጥላዋ ስትገባ ጀበናው ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ቃል ለማግኘት ጥያቄውን መቀየር ያስፈልጋል። «ያምራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ መርጦታል። «ዐይንህ መጀመሪያ የት ሄደ? የት ጋ ተደናቀፈ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሠዓሊ ያልሆነ ሰው እንኳ ይህን በሚገባ ይመልሳል። እያንዳንዱን ሥራ ከኋላው ቀን ጻፉበት፤ መጥፎውንም አትጣሉት።

እንዲህ ዓይነት ክፍል ግን በከተማው ውስጥ ገና ጥቂት ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ደግሞ እጅግ ያነሰ ነው። በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በሐዋሳ፣ በጎንደር ከሥራ መልስ በየቤታቸው ብቻቸውን የሚሥሉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አምናለሁ። የሚያስተምራቸው ሰው ግን አልጠፋም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም አሜሪካ ተምሮ ተመልሶ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያቋቁም በአገሪቱ ሥዕል በዘመናዊ መንገድ የሚያስተምር ሌላ ቤት አልነበረም። ዛሬ ከዚያ ቤት የተመረቁ ብዙ ሠዓሊዎች አሉን። ለእናንተ ስቱዲዮ ላላችሁ ሠዓሊዎች ነው ይህን የምጽፈው። በወር አንድ ቅዳሜ በራችሁን ለትርፍ ጊዜ ሠዓሊዎች ክፈቱላቸው። በርጩማ፣ ነጠላና ጀበና አስቀምጡ፤ ዋጋውንም የባንክ ሠራተኛውም ነርሷም ጡረተኛውም የሚችሉት አድርጉት።